እናቴ የምትልክልኝን ማንጎ ለጥበቃው እየሰጠሁ ነው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ፣

ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፣ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

31 ዓመቴ ነው። የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ፣ አዲስ አበባ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ቢሮ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሲሆን ክብደቴ 84 ኪሎ ደርሷል። ሁዳዴ ሲገባ 79 ነበርኩ። ጾሙን በሙሉ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ራትም ትቼ ነበር። ከሥራ ስወጣ ጁስ ቤት ጎራ እልና አንድ ትልቅ ስፕሪስ ጠጥቼ ቤቴ እገባለሁ። ፍራፍሬ ነው፣ ጤና ነው ብዬ። እቀንሳለሁ ስል አምስት ኪሎ ጨመርኩ። ፋሲካ ዕለት ሚዛን ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ጂም ተመዘገብኩ። አሰልጣኙ የምበላውን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። “ያወፈረሽ እሱ ነው፣ ፍራፍሬ ማለት ስኳር ነው፣ እስክትቀንሺ ድረስ ሙዝና ማንጎ ባለበት እንዳታልፊ” አለኝ። እኔም ሁሉንም እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ዳቦም እንጀራም አብሬ ተውኩ። እንቁላል፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ አንዳንዴ ዶሮ፣ በቃ። በሁለት ሳምንት ሦስት ኪሎ ቀነስኩና ደስ አለኝ። ከዚያ ቀጥ አለ። አሁን ደግሞ ማታ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ይይዘኛል። ኩሽና ገብቼ፣ መብራት እንኳን ሳላበራ፣ ዳቦ በማር ቆሜ እበላለሁ። ተመልሼ 84 ገባሁ።

የጻፍኩልዎ ግን በዚህ ብቻ አይደለም። እናቴ ጓሮዋ ውስጥ ማንጎና ሙዝ አላት። በየሁለት ሳምንቱ በአውቶቡስ አንድ ካርቶን ትልክልኛለች፣ እያንዳንዱን ማንጎ በጋዜጣ ጠቅልላ። ላለፉት ሁለት ወራት ካርቶኑን እንዳለ ለግቢያችን ጥበቃ ስሰጠው ቆይቻለሁ። ስትደውልልኝ “ጣፈጠሽ?” ትለኛለች፣ “በጣም እማዬ” እላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ለዓይኗ ሕክምና መጣች። ጥበቃው ገና ከበር ሲያያት “ማዘር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ልጆቼ እኮ በእርስዎ ማንጎ ነው የጠገቡት” አላት። እማዬ ምንም አላለችም። ማታ ልንተኛ ስንል ነው “ካልወደድሽው ለምን አልነገርሽኝም?” ያለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ስኳር አለበት። እኔ 22 ዓመቴ እያለሁ ነው የታወቀው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ማንጎ የሚበላው እሱ ሳያይ ነው። አሰልጣኙ “ስኳር” ሲለኝ የአባቴ እግር ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለው፣ ቁስሉ አልድን ብሎት ብዙ ተሰቃይቷልና።

ክብደት ለመቀነስ ፍራፍሬ መተው ግድ ነው? ለእናቴስ ምን ልበላት?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከገርጂ

—

የኔ እህት፣

መልሱን አላቆይብሽም። ፍራፍሬ ብዪ። ማንጎውንም ብዪ፣ ሙዙንም ብዪ። ክብደት ለመቀነስ ፍራፍሬ መተው ግድ አይደለም፣ እንዲያውም በልኩ ከተበላ ያግዛል። አሁን ቁጭ ብለን ነገሩን አንድ በአንድ እንየው፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተጠቅልለዋል። ጁሱ አለ፣ የማታው ረሃብ አለ፣ የአባትሽ ሕመም አለ። ሦስቱም “ፍራፍሬ” የሚል አንድ ስም ተሰጥቷቸው አንቺን እያስጨነቁሽ ነው።

ከአሰልጣኝሽ ልጀምር። ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ሁዳዴ ላይ አምስት ኪሎ የጨመርሽው ካለምክንያት አይደለም፣ ያ ስፕሪስ ትልቅ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ስህተቱ ግን ብርጭቆው ውስጥ ያለውንና ካርቶኑ ውስጥ ያለውን አንድ ማድረጉ ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

አንድ እሁድ ይህንኑ ለማየት ብዬ ቤቴ ውስጥ ስፕሪስ ሠርቼ ነበር። የኩሽና ሚዛኔን አወጣሁና እያንዳንዱን ነገር መዘንኩ። አቮካዶ 150 ግራም፣ ማንጎ 150፣ ፓፓያ 150፣ ጁስ ቤት እንደሚያደርጉት ደግሞ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር። ስደምረው ወደ 540 ካሎሪ መጣ። ከዚህ ውስጥ 145 የሚሆነው ስኳሩ ብቻውን ነው። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ጠጥቼ ጨረስኩት፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ምሳ ፈለግኩ። በሳምንቱ ያንኑ ያህል አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ቆራርጬ ሳህን ላይ አደረግኩና በሹካ ለመብላት ተቀመጥኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ አፌ ደከመ። ቀሪውን ሸፍኜ ፍሪጅ ከተትኩት። ስኳር ልጨምርበት የሚል ሐሳብ እንኳን አልመጣብኝም፣ ማን ነው የተቆረጠ ማንጎ ላይ ስኳር የሚነሰንስ?

ይሄ የእኔ ጨጓራ ነገር ብቻ አይደለም። በ1977 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እንግሊዝ አገር ውስጥ ተመራማሪዎች ለአሥር ሰዎች በተለያየ ቀን ሙሉ ፖም፣ የተፈጨ ፖምና የፖም ጁስ ሰጥተው አነጻጽረዋል። ጁሱ ከሙሉው ፖም አሥራ አንድ ጊዜ በፈጠነ ፍጥነት ነው የተጠጣው። ሰዎቹን ይበልጥ ያጠገባቸው ሙሉው ፖም ነበር፣ ቀጥሎ የተፈጨው፣ መጨረሻ ጁሱ። በደም ውስጥ የሚለቀቀው ኢንሱሊንም ከጁሱ በኋላ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ፍሬው ያው ፖም ነው፣ የተለየው አካሉ መፍረሱ ነው። ስታኝኪው ጊዜ ይወስዳል፣ ሆድሽ ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ ስኳሩም አሰር ውስጥ እንደተጠቀለለ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ስለ ስኳር ባወጣው መመሪያ ላይ መቀነስ አለበት ብሎ የቆጠረው የሚጨመረውን ስኳር፣ ማሩንና የጁሱን ስኳር ነው። በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለውን ስኳር እዚያ ውስጥ አላስገባውም። እንዲያውም ፍራፍሬና አትክልት በቀን ቢያንስ 400 ግራም ብሉ ነው የሚለን።

ስለዚህ ሁዳዴ ላይ “ራት ትቼ ነበር” ያልሽው፣ የኔ እህት፣ ራት አልተውሽም። ራትሽን ጠጣሽው። የሚያጠግብሽን ምግብ ተውሽና በማያጠግብሽ ተካሽው። ጥፋት ብዬ አይደለም፣ “ፍራፍሬ ጤና ነው” ሲባል ሰምተሽ ለራስሽ ጥሩ ያደረግሽ መስሎሽ ነው። ጾመኛ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሥጋና ቅቤ ወጥቶ ጁስ፣ ሳምቡሳ፣ ዘይቱ የተንሳፈፈበት ወጥ ይገባል።

ዘይት ካነሳን አይቀር፣ ሙዝ ምን እንዳጠፋ አንዴ እንየው። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 105 ካሎሪ አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120። ሽሮ ስትሠሪ ዘይቱን በማንኪያ ነው የምትለኪው ወይስ ከጠርሙሱ ነው የምታንቆረቁሪው? እንደዚያ የሚያንቆረቁር ሰው ሙዝ ሲፈራ ሳይ ሆዴ ይባባል። መካከለኛ ብርቱካን 60 ካሎሪ ገደማ ነው። የአንድ ማንጎ ሥጋው 200 ግራም ቢሆን 120 ካሎሪ ነው። ሐብሐብ 100 ግራሙ 30፣ ፓፓያ 43። ዘይቱን የሚባለው ፍሬ (ጉዋቫ) 100 ግራሙ 68 ቢሆንም ከአምስት ግራም በላይ አሰር ስላለው አንዱ ብቻ ሆድ ይይዛል። ጠንቀቅ የሚያስፈልገው አቮካዶ ላይ ነው፣ 100 ግራሙ 160 ካሎሪ ነው፣ ጥሩ ቅባት ቢሆንም ቅባት ነውና ግማሹ ይበቃል። ተምርም እንደዚሁ፣ ትልቁ ፍሬ አንዱ ከ60 በላይ አለው፣ ትንሽ ስለሆነ ሳይታወቅ አሥር ይበላል። ማታ ቆመሽ የምትበዪው ሁለት ቁራሽ ዳቦ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ቢሆን ደግሞ ወደ 300 ይጠጋል። የእናትሽ ሁለት ማንጎ እንኳን ያን አይሞላም።

ወደ ማታው ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነብ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። “መብራት እንኳን ሳላበራ” ብለሻል። ለምን ነው መብራቱን የማታበሪው? ብቻሽን ነው የምትኖሪው፣ ማንም አያይሽም። እኔ እንደገባኝ እንዳታዪ የፈለግሽው ራስሽን ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ። ግን ቀኑን ሙሉ እንቁላልና ጎመን በልቶ የዋለ ሰው ማታ ዳቦ ቢያምረው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ረሃብ ነው። እንጀራ ተውሽ፣ ዳቦ ተውሽ፣ ፍራፍሬ ተውሽ፣ ጂም ደግሞ ጨመርሽ። ሰውነትሽ ቀን ያጣውን ማታ እየጠየቀሽ ነው፣ በደንብ የሚያውቀውን ጣፋጭና ዳቦ አድርጎ። እኔም ወጣት እያለሁ እንዲህ ዓይነት ወራት አሳልፌአለሁ፣ ቀን ላይ ጎበዝ ነኝ፣ ማታ እፈርሳለሁ፣ ጠዋት ደግሞ ራሴን ለመቅጣት ቁርስ እዘላለሁ። የወጣሁበት ቀን ቁርስ መብላት የጀመርኩበት ቀን ነው።

ያ በሁለት ሳምንት የቀነስሽው ሦስት ኪሎም ሊያታልልሽ አይገባም። እንጀራና ፍራፍሬ በአንድ ጊዜ ሲቀር ሰውነት በጡንቻና በጉበት ያስቀመጠውን ስኳር አውጥቶ ይጠቀማል፣ ከሱ ጋር ተይዞ የነበረው ውሃም አብሮ ይወጣል። ሚዛኑ ቶሎ የወረደው አብዛኛው በዚያ ነው። እንጀራ ስትቀምሺ ውሃው ይመለሳል። ስለዚህ “ማንጎ ተውኩና ቀነስኩ” የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ሲመለስብሽም አንቺ ስለወደቅሽ አይደለም።

አሁን የአባትሽን ነገር እናንሳ። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ዋናው ይሄ ይመስለኛል። አሰልጣኙ “ስኳር” ሲል እሱ ያለው ሌላ፣ አንቺ የሰማሽው ሌላ። አንቺ የሰማሽው የአባትሽን እግር ነው። በወላጆቿ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንጎ በድብቅ ሲበላ ያየች ልጅ ማንጎን ብትፈራ አይፈረድባትም። እስቲ ራስሽን ጠይቂው፣ የምትፈሪው 84 ቁጥሩን ነው ወይስ እንደ አባትሽ መሆንን? ሁለተኛው ከሆነ መፍትሔው ከጂሙ ይልቅ ጤና ጣቢያ ነው ያለው።

በቅድሚያ ስለ ፍሬው አንድ ነገር ልንገርሽ። ዴንማርክ ውስጥ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በቅርቡ የተገኘባቸው 63 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በቀን ቢያንስ ሁለት ፍራፍሬ እንዲበላ ተነገረው፣ ሌላው ከሁለት እንዳያልፍ። አሥራ ሁለት ሳምንት ቆዩ። ጥናቱ በ2013 ወጥቷል፣ የወራቱን የስኳር መጠን በሚያሳየው ምርመራ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም፣ ክብደትም ሁለቱም ቀንሰዋል። ይሄ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። አንቺ ገና የታወቀ ነገር እንኳን የለብሽም። የአባትሽ ጉዳይ ይለያል፣ መድኃኒት የሚወስዱ ይሆናል፣ ምናልባት ኩላሊታቸውም ክትትል ላይ ይሆናል፣ ኩላሊት ሲነካ ደግሞ ሙዝና አቮካዶ የሚከለከልበት ሁኔታ አለ። ስለዚህ እሳቸው ምን ያህል ይብሉ የሚለውን የሚከታተሏቸው ሐኪም ይንገሯቸው። ግን ጠይቁላቸው። “ፈጽሞ” የተባሉት በሐኪም ነው ወይስ በቤተሰብ ፍርሃት? ብዙ ቤት ውስጥ ሐኪሙ “ቀንስ” ያለው ቤት ሲደርስ “ክልክል” ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት ተከልክለው ግማሽ ማንጎ ይፈቀድላቸው እንደነበር ቢታወቅ ምን ያህል ይቆጫል።

አንቺ ደግሞ በዚህ ሳምንት ተመርመሪ። ጠዋት ቁርስ ሳትበዪ ሄደሽ የደም ስኳርሽን አስለኪ። ከ100 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። አባት ስኳር ያለበት ሰው፣ ክብደቱም የጨመረ፣ በዓመት አንዴ ይህን ማወቅ አለበት። እንዳልሽው ከሆነ ተመርምረሽ የምታውቂ አይመስለኝም፣ ፍርሃት ያለበት ሰው ሚዛን ላይ ይወጣል እንጂ ላብራቶሪ አይገባም። ማስጠንቀቂያው ላይ ብትገኚ እንኳን ብዙ የሚሠራ ነገር አለ። በ2002 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት አለ። ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሰዎች ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ምንም ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ቀንሷል። የ84 ኪሎ 7 በመቶ ስንት ነው? ስድስት ኪሎ እንኳን አይሞላም። ወደ 70 ውረጂ ያለሽ የለም። 78 ላይ ብትደርሺ ትልቅ ነገር ሠርተሻል።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ምን ታድርጊ? ቁርስ ብዪ። እንቁላሉ ጥሩ ነው፣ ከሱ ጋር አንድ ቁራሽ ዳቦና አንድ ብርቱካን ወይም ግማሽ ማንጎ ይኑር። ምሳ ላይ እንጀራሽን መልሺው፣ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ አድርገሽ፣ ምስሩንና ጎመኑን ጠቀም አድርገሽ። አሥር ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ያ ሁላችንም የምናውቀው ድካም ይመጣል፣ ማኪያቶና ኬክ የሚያሳስበው። ለዚያ ሰዓት ቦርሳሽ ውስጥ አንድ ሙዝና እፍኝ የማትሞላ ለውዝ ያዢ። ይህቺን ቀላል አድርገሽ አትያት፣ የማታውን ኩሽና የምትዘጋልሽ እሷ ናት። ራት ብዪ፣ ቁጭ ብለሽ፣ መብራት አብርተሽ። ከራት በኋላ ጣፋጭ ካማረሽ ማንጎ ቁረጪ። ማታ ፍራፍሬ ያወፍራል፣ ከምግብ በኋላ ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል የሚባለውን ተይው፣ ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ምንም አያበሰብስም፣ ካሎሪም ሰዓት አይቶ አይበዛም።

በቀን ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ይበቃሻል። ሳይፈጭ፣ ሳይጨመቅ። ስፕሪስ ሙሉ ለሙሉ እርም በዪ አልልሽም፣ ከጓደኞችሽ ጋር ቅዳሜ ብትወጪ “ስኳር እንዳታደርጉበት” ብለሽ እዘዢና ለሁለት ጠጡት። ራት ግን አይሁን። ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ ውጪ፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት። በየቀኑ ስትወጪ ውሃውንና ጨውን ነው የምትመዝኚው፣ ለከንቱ ሐዘን ነው። የማታው መብላት ይህን ሁሉ አድርገሽ ወር ቆይቶ ካልቀነሰ፣ ወይም እየበላሽ ማቆም ካቃተሽና ከዚያ በኋላ በጣም የሚያስጠላሽ ከሆነ፣ ለሐኪም ንገሪ፣ ይሄ የሚታከም ነገር ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም።

አሰልጣኝሽን አትጣዪው። “ጁሱን ትቻለሁ፣ ፍሬውን ግን እበላለሁ፣ አንተ ጡንቻዬን አሠራኝ” በዪው። ቅን ሰው ከሆነ ይገባዋል። ካልገባው ሌላ አሰልጣኝ አይጠፋም።

እናትሽ ቀሩን። “ካልወደድሽው ለምን አልነገርሽኝም?” ነው ያሉሽ። ልብ በዪ፣ “ለምን ዋሸሽኝ” አላሉም። የከፋቸው ማንጎው ለሌላ መሰጠቱ አይመስለኝም፣ የጥበቃው ልጆች ስለጠገቡ የሚከፋቸው ሴት ብትሆን ያን ያህል ካርቶን ጭና አትልክም ነበር። የከፋቸው አንቺ ምን እየሆንሽ እንዳለሽ ሳያውቁ መቅረታቸው ነው። እያንዳንዱን ፍሬ በጋዜጣ የሚጠቀልል እጅ ልጁ ማታ ማታ በጨለማ ዳቦ እንደምትበላ ቢያውቅ ምን ያደርግ ነበር? ስለዚህ እውነቱን ንገሪያቸው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ደውዪና እንዲህ በያቸው፦ “እማዬ፣ ማንጎሽን ጠልቼ አይደለም። እንደ አባዬ እሆናለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ውፍረቱም አስጨንቆኝ ነበር። ስለዋሸሁሽ ይቅርታ።” ከዚያ ዝም በዪና እሳቸው ይናገሩ። ሊያለቅሱ ይችላሉ፣ ያልቅሱ። እኔ እንደምገምተው ግን መጀመሪያ የሚጠይቁሽ “አሁን በልተሻል?” ብለው ነው።

ስለ ካርቶኑም ተነጋገሩ። ለአንድ ሰው አንድ ካርቶን ብዙ ነው፣ በአንድ ጊዜ ይበስልና ያስጨንቅሻል። ጥሬውንና የበሰለውን ቀላቅለው እንዲልኩ ጠይቂያቸው፣ ሙዙንም ገና አረንጓዴውን። ዘይቱን ወይም ፓፓያ በአካባቢው ካለ ከማንጎው ግማሹን ይተኩልሽ። ሲደርስሽ ለራስሽ የሳምንቱን ለይተሽ አስቀምጪ፣ ከቀረው ደግሞ ለጥበቃው መስጠትሽን አታቋርጪ፣ ልጆቹ ለምደውታል። አሁን ግን እናትሽ እያወቁ ይሁን። “ይሄ የልጆቹ ነው” ብለው ለብቻ አስረው ቢልኩም አይገርመኝም።

የደም ስኳርሽ ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ። እናትሽ ስልኩ ላይ ምን እንዳሉሽም።